የይፋት ቆላ ገበያው አንድ፣ ፕላኑ ሁለት

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ አይሱዙ ከሚሴ እስኪደርስ ድረስ የዞን ድንበር ሦስት ጊዜ ያቋርጣል። ሸዋ ሮቢት ሰሜን ሸዋ ነው፤ ሰንበቴ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው፤ አጣዬና ካራቆሬ ተመልሰው ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ከሚሴ ደግሞ የብሔረሰብ አስተዳደሩ መቀመጫ ናት። ሾፌሩ ይህን ሁሉ አይቆጥረውም። ገበያውም አይቆጥረውም። በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ተገናኝተው ይገበያያሉ። የቆላው ማሾ፣ ማሽላና ሽንኩርት የሚጫነው በዚያው አስፋልት ነው።

ድንበሩን የሚቆጥረው ፕላኑ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ ዕቅዱን ለራሱ ዞን ያቀርባል፤ በጀቱም በዚያው መስመር ይወርዳል። ሁለቱን ዞኖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መንገዱ በየት ይለፍ፣ መጋዘኑ የት ይቁም፣ ውኃው ለማን ይድረስ ብሎ የሚያመዛዝን አካል ያስፈልጋል። የክልል የፕላን መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ ይኸው ነው።

ከትእዛዝ ወደ ምክር

አንድን አካባቢ በወረዳ ሳይሆን በተፋሰስ መመልከት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የጠቅላይ ግዛት ወሰን ሳያግደው በአንድ ወንዝ ሸለቆ ላይ የተሠማራ መሥሪያ ቤት ነበር። ከይፋት ተራራ የሚወርዱት የሮቢና የአጣዬ ወንዞችም የዚያው የአዋሽ ተፋሰስ አካል ናቸው።

በደርግ ዘመን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1971 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ አብዮታዊ የልማት ዘመቻና ማዕከላዊ ፕላን ጠቅላይ መምሪያ ዕቅድን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ አደረገው። በዚያ ዘመን የእህል ነጋዴ የነበሩ ሰዎች «ፕላን» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ኮታና ኬላ ቢታወሳቸው አይፈረድባቸውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የኢኮኖሚና የልማት ፖሊሲ፣ ስትራቴጂና ዕቅድ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። በአማራ ክልል ይህ ሥራ በፋይናንስና ኢኮኖሚ ልማት ቢሮ ሥር ቆይቶ ለፕላን ኮሚሽን፣ በኋላም ለፕላንና ልማት ቢሮ ተላልፏል። በፌዴራል ደረጃም በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ፕላን ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሆኗል። የመሥሪያ ቤቱ ስም በተደጋጋሚ መለወጡ ራሱ ለነጋዴው የሚነግረው ነገር አለ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር የተጀመረ ጥናት መዝገብ ቤት ሊቀር ይችላል።

በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ጎረቤት ከተሞች በጋራ የሚያቋቁሟቸው የአካባቢ ፕላን ኮሚሽኖች አሉ። አብዛኞቹ የማማከር እንጂ የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም። ጉልበታቸው የሁሉንም ወገን ቁጥር በእጃቸው መያዛቸውና ለአንዱ ወገን ያላደሉ መሆናቸው ነው።

አጣዬ የከፈለችው

ቆላው በአንድ ዓይን አለመታየቱ የሚያስከትለውን ዋጋ ከአጣዬ በላይ የሚያስረዳ ከተማ የለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ሱቅና ቤት ነደደ፤ ነዋሪው ተሰደደ። ወራት ሳይቆይ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰ። በጥር 2015 ዓ.ም. እንደገና ግጭት ተነሣ።

ፕላን ብቻውን እሳት አያጠፋም። ሆኖም መንገድ፣ ውኃና መብራት ለምን ወደ አንዱ ከተማ ሄዶ ለሌላው እንዳልደረሰ የሚያስረዳ ሰነድ በሌለበት ሁሉም ወገን የመሰለውን ምክንያት ይሰጠዋል። አድልዎ ባይኖር እንኳ አድልዎ ይመስላል። በግልጽ የወጣ የጋራ ዕቅድ ቢያንስ ይህን ጥርጣሬ ይቀንሳል።

መልሶ ግንባታም እንዲሁ ነው። አጣዬ ላይ የተሠራ ጅምላ መጋዘን ዕቃውን ከሰንበቴና ከካራቆሬ ገበሬ ካላገኘ ባዶ ነው። አንዱ ከተማ ሲዘጋ የሌላውም ገበያ ይቀዘቅዛል።

በገንዘብ ሲተረጎም

ቆላው የሚታቀድለት ሀብት ሞልቶታል። ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ የይፋት ገበሬ ምርት ከውጭ ንግድ ጋር ተሳስሯል። በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ያፒ መርከዚ ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመርም ይህንኑ ቆላ ያቋርጣል። መስመሩ በአብዛኛው ቢገነባም ለዓመታት አገልግሎት ሳይጀምር ቆይቷል፤ በጦርነቱም ተጎድቷል። ባቡሩ መሄድ ሲጀምር የመጫኛው ጣቢያ መጋቢ መንገድ ከየትኛው ዞን ገበያ እንደሚነሣ ከወዲሁ ካልተወሰነ፣ ማሾው ባቡሩን እያየ በአይሱዙ መጓዙን ይቀጥላል።

የመሬቱ ጠባይም የፕላን ጉዳይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ጥሏል። በዚህ አካባቢ ፎቅ ወይም መጋዘን የሚሠራ ባለሀብት ይህን የሚያስታውስ የግንባታ መመሪያ ያስፈልገዋል።

በመሆኑም በይፋት ቆላ ገንዘቡን ለማፍሰስ ያሰበ ሰው ከቦታ ደላላው ዋጋ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የቦታው ዕቅድ ከጎረቤት ዞን ዕቅድ ጋር ተገናዝቧል ወይ? የመንገዱና የመብራቱ ገንዘብ በበጀት ተይዟል ወይስ በወረቀት ብቻ ነው? የኢንሹራንስ ውሉስ? ተራ የእሳት መድን ሁከትና ግጭት ያደረሰውን ጉዳት በአብዛኛው ስለማይሸፍን ተጨማሪ ዋስትና መግዛት ግድ ይላል። የዚህ ዋስትና ዓረቦን ከፍ ባለ መጠን የሸቀጡም ዋጋ ከፍ ይላል።

የክልሉ የፕላን መሥሪያ ቤት ክብር የሚለካው በሰነዱ ውፍረት አይደለም። ቁጥሩን ለሁለቱም ዞኖች እኩል ካሳየ፣ ያቀደውን ሹም በተለወጠ ቁጥር ካልቀየረና ያልተሳካውን ካልደበቀ ነጋዴው ያምነዋል። ነጋዴው ያመነው ዕቅድ ደግሞ የባንክ ብድርና የግል ገንዘብ ተከትሎት ይመጣል። ያላመነው ዕቅድ ግን በጀት ቢመደብለትም አጣዬ ላይ ሱቅ አያስከፍትም።