ግራይንደር እና ዲስኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ግራይንደር በብየዳ ቤቶች ከእጅ የማይለይ መሣሪያ ነው፤ ቱቦላሬ ይቆርጣል፣ የብየዳ ጉብታ ያስተካክላል፣ ዝገት ይጠርጋል። ትንሹ ማሽን 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ ይይዛል፤ ብረት ሳይነካ ሲሠራ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ባለ 230 ሚሊ ሜትሩ ትልቁ ማሽን ግን ዙሩ ወደ 6,500 ይወርዳል። ትልቁ የሚዘገየው ጉልበት አንሶት አይደለም። ዲስክ በሰፋ ቁጥር ጠርዙ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ስለሚረዝም ዙሩ ካልቀነሰ ጠርዙ ከልኩ በላይ ይበርራል። የተለመዱት ዲስኮች ለጠርዛቸው የተሰጣቸው ወሰን በሰከንድ 80 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ነው።

ዲስኩ ብረት ይቁረጥ እንጂ ራሱ ብረት አይደለም። ሸካራ የድንጋይ ቅንጣት በሙጫ ተጋግሮ፣ በውስጡ የፋይበር ግላስ መረብ ተደርጎለት የተሠራ ነው። ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ይህ ሙጫ ቅንጣቱን መያዝ ያቅተዋል።

በዚህ ሥራ ከሚታዩት ልማዶች ሁሉ የከፋው ትልቅ ዲስክ ትንሽ ማሽን ላይ ማሰር ነው። የ115ም፣ የ180ም፣ የ230ም ዲስክ መካከል ላይ ያለው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት፣ 22.23 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የዲስኩ መከለያ (ጋርዱ) ከተፈታ ትንሹ ማሽን ላይ ትልቅ ዲስክ ያለምንም ችግር ይገባል። መግባቱ ግን ይሠራል ማለት አይደለም። 180 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ላይ የታተመው ከፍተኛ ዙር 8,500 ነው። በ11,000 ዙር ሲነዳ ጠርዙ በሰከንድ 104 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ዲስኩን ለመበታተን የሚጎትተው ኃይልም ከተፈቀደው 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ሲፈነዳ ስባሪው የሚወረወረው በዲስኩ መስመር ትይዩ ነው፤ እዚያ መስመር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሠራተኛው ፊትና አንገት አለ። ያን ስባሪ ሊያስቀር የሚችለው ጋርድ ዲስኩን ለማስገባት ሲባል ወልቋል። ዲስኩ ላይ ያለው የዙር ቁጥር ማሽኑ ላይ ካለው ካነሰ ያ ዲስክ ለዚያ ማሽን አይሆንም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ዲስኩ መሐል ባለችው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ይታተማል። ይህ የመጠቀሚያው ማብቂያ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከተመረተበት ቀን 3 ዓመት በኋላ ነው። የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ዓመት አስቦ ገና ነው ማለት ያሳስታል። እርጥበት ሙጫውን ስለሚያዳክም ዲስክ ደረቅ ቦታ ተጋድሞ ይቀመጣል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመቁረጫ ዲስክ በጎኑ አይሞረድበትም፤ ለመሞረድ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ወፍራሙ አለ። አዲስ የታሰረ ዲስክ ሰው በሌለበት አቅጣጫ ለአንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን ይሽከረከራል።

የሚቆረጠው ብረት ሞርሳ ላይ ይታሰራል። ተቆርጦ የሚወድቀው ጫፍ ወደ ታች ክፍት ሆኖ እንዲወርድ ካልተደረገ የተቆረጠው ክፍተት ይጠብና ዲስኩን ይነክሳል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ወደ ያዘው ሰው ይፈናጠራል። የጎን እጀታው የተሠራው ለዚህ ነው፤ ግራይንደር በአንድ እጅ አይያዝም። መነጽር ግድ ነው፤ የተንዠረገገ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ግን ከማሽኑ መራቅ አለባቸው።

የኤሌክትሪኩ አደጋ ብዙውን ጊዜ ከገመዱ ይጀምራል። ገመዱ ወደ ማሽኑ የሚገባበት አንገት በየቀኑ ስለሚታጠፍ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። በፕላስተር መጠቅለል ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ አይጠግነውም፤ የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ገመዱ እንደገና ይታሰራል። ስፒናው የተሰበረበትን ገመድ ልጦ በእንጨት ስንጥር ሶኬት ውስጥ መወተፍ ደግሞ 220 ቮልት ያለ ሽፋን አጋልጦ መተው ነው። ረጅም ኤክስቴንሽን እንደተጠቀለለ ከተሠራበት ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር ካለ ለሰው ሕይወት ትልቅ መከታ ነው።

መብራት በሄደ ጊዜ ማሽኑን ሳያጠፉ መሬት ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው። ማብሪያው የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ መብራቱ ሲመለስ ግራይንደሩ በራሱ ይነሣና እግር ሥር ይዘልላል። መብራት እንደሄደ ማብሪያው ይጠፋል፣ ስፒናውም ይነቀላል። ዲስክ ሲቀየርም እንደዚሁ ነው።

እንክብካቤው ቀላል ነው። የብረት ብናኝ በአየር ማስገቢያው ገብቶ ሞተሩን ስለሚያፍን ከሥራ በኋላ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፤ ከከባድ ሥራ በኋላ ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ለጥቂት ጊዜ ባዶውን ማሽከርከር ሞተሩን ያቀዘቅዛል። በቀዳዳዎቹ በኩል የሚታየው ብልጭታ ከበረታ፣ ማሽኑም እየቆራረጠ ከሠራ አብዛኛውን ጊዜ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀዋል ማለት ነው። ሁለቱ ካርቦኖች በአንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆኑ አበላላቸው ይዛባል። አዲሶቹ ተላምደው ብልጭታው ካልቀነሰ ጉዳቱ የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል (አርማቸሩ) ላይ ስለሚሆን ማሽኑ ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ ይሰጣል።