ሥራ ሳይቋረጥ ሃርድ ዲስክ መቀየር እንዴት ይሠራል?

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የድሮው አራዳ መልክ ይበልጡን የሚገኘው በፎቶ ነው፤ በየቤተሰቡ አልበም፣ በየፎቶ ቤቱ የኔጋቲቭ ሣጥን፣ ከሠርግና ከክርስትና ፎቶዎች ጀርባ ሳይታሰብ በገባ በረንዳና የሱቅ ታፔላ። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ስብስብ ከነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶ አሰባስቦ መጽሐፍ እስከማሳተም የደረሰው ይህ ሀብት በየሰዉ ቤት ተበትኖ ስላለ ነው።

ፎቶው አሁን በስካነር እያለፈ ሃርድ ዲስክ ውስጥ እየገባ ነው። ሃርድ ዲስክ ግን ይሞላል፣ ያረጃልም። ስለዚህ የአራዳን ፎቶ ለልጅ ልጅ አቆያለሁ የሚል ሰው ከስካነሩ ቀጥሎ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፤ ፋይሎቹ ካሉበት ሳይነቀነቁ ከሥራቸው ያለውን ዲስክ ማስፋትና መለወጥ። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ በነፃ ይገኛል፤ ስሙም ኤልቪኤም ነው። የሚታዘዘው ጥቁሩ ተርሚናል ላይ በሚጻፉ አጫጭር ትእዛዞች ነው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን እዚህ ያሰፈርኳቸው እንደሚነበቡ ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱን እንየው። በድሮ ፎቶ ቤቶች የተለመደው 6 በ6 ሳንቲሜትር የሚባለው ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ በ2400 ዲፒአይ፣ በ16 ቢት ጥራት ስካን ቢደረግ አንዱ ብቻ ወደ 60 ሜጋባይት ይጠጋል። በዚህ መጠን አንድ ቴራባይት የሚይዘው 16 ሺህ ኔጋቲቭ ገደማ ነው። ለዓመታት የሰፈሩን ሰው ሲያነሣ ለኖረ ፎቶ ቤት ይህ ብዙ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ፎቶ ቤት እናስብ። ባለቤቱ አንድ ቴራባይት ዲስክ ገዝተው 600 ጊጋባይቱን ለፎቶ፣ ቀሪውን ለሠርግ ቪዲዮ ከፍለውታል። የፎቶው ወገን ሞላ፤ የቪዲዮው ወገን ግማሹ ባዶ ነው። ያም ሆኖ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» ይላል። የፒያሳን አሮጌ ሕንፃዎች የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አንድ ሰፊ ሱቅ በቺፑድ ተከፋፍሎ ለሰዓት ሠሪ፣ ለወርቅ ቤትና ለፎቶ ኮፒ ይከራያል፤ ፎቶ ኮፒው ሲጠበው ሰዓት ሠሪው ዘንድ ቦታ ቢተርፍም ግድግዳው ተቸንክሯል። ፓርቲሽን የሚባለው የዲስክ አከፋፈል እንዲሁ ነው። ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ያለው ቦታ የፎቶ ነው ተብሎ በዲስኩ ላይ ይመዘገባል፤ ቦታውም አንድ ወጥና ተከታታይ መሆን አለበት። ለማስፋት ከጎኑ ያለው ክፍል መፍረስ ይኖርበታል።

ኤልቪኤም ይህን «ተከታታይ መሆን አለበት» የሚለውን ሕግ ያነሣዋል። ዲስኩን እኩል እኩል ይቆራርጠዋል፤ ሌላ መጠን ካልተነገረው በ4 ሜጋባይት። አንድ ቴራባይት ዲስክ በዚህ አቆራረጥ ከ238 ሺህ በላይ ቁራጭ ይወጣዋል። ከዚያ «የፎቶው ክፍል የመጀመሪያ ቁራጭ እዚህ ዲስክ ላይ ነው፣ ሁለተኛው እዚያኛው ላይ ነው» የሚል መዝገብ ይይዛል። ፋይሎቹን የሚከፍተው ፕሮግራም መዝገቡን አያየውም፤ ለእሱ የፎቶው ክፍል አንድ ወጥ ቦታ ሆኖ ይታየዋል። በእያንዳንዱ ንባብና ጽሑፍ ጊዜ የሊኑክስ እምብርት በመሃል ገብቶ ትክክለኛውን ዲስክና ቁራጭ ያገናኛል። መዝገቡ በራሳቸው በዲስኮቹ ላይ ስለሚጻፍ ዲስኮቹ ተነቅለው ሌላ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩም ቤታቸውን ያውቃሉ። ሐሳቡ ቀድሞ በትልልቅ የዩኒክስ ማሽኖች ላይ የነበረ ነው። የኤችፒን አሠራር አርአያ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሊኑክስ የጻፈው ሃይንዝ ማውልስሃገን የተባለ ባለሙያ ነው።

ወደ ትእዛዞቹ እንግባ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም ከፊታቸው ሱዶ የሚለውን የባለሥልጣን ቃል ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ምንም የማይነካው ኤልኤስቢኤልኬ ነው፤ የተሰኩትን ዲስኮች ከነስማቸውና ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። ይህን ሳያዩ ወደሚቀጥለው መሄድ አይገባም። ብዙ ዲስኮች ባሉበት ኮምፒውተር ላይ ኤስዲቢንና ኤስዲሲን ማምታታት ማለት የሰው የሠርግ ቀን መደምሰስ ማለት ነውና። አዲሱ ዲስክ በመጠኑ ከተለየ በኋላ ፒቪክሪኤት ይባላል፤ ዲስኩን ለቋት የተዘጋጀ ያደርገዋል። በላዩ የነበረ ነገር ካለ እንደጠፋ ይቆጠራል። ቀጥሎ ቪጂክሪኤት ዲስኮቹን ሰብስቦ አንድ ቋት ያደርጋል፤ ለቋቱ «አራዳ» የሚል ስም እንስጠው። በመጨረሻ ኤልቪክሪኤት ከቋቱ ላይ የሚፈለገውን ያህል ቀንሶ «ፎቶ» የተባለ ክፍል ያወጣል። ክፍሉ እንደማንኛውም ዲስክ ፎርማት ተደርጎ ሥራ ይጀምራል።

ቋቱ ሲያንስ ሌላ ዲስክ ይገዛና ቪጂኤክስቴንድ በሚለው ይታከላል። የፎቶውን ክፍል የሚያሰፋው ኤልቪኤክስቴንድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት አንዲት ነገር አለች። ክፍሉ ሰፋ ማለት ውስጡ ያለው ፋይል ሲስተም ሰፋ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በትእዛዙ ላይ ሰረዝና አር የምትባለውን ፊደል ካልጨመሩ 500 ጊጋባይት አክለው ኮምፒውተሩ አሁንም «ሞልቷል» ይልዎታል። አርን ሲጨምሩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሰፋሉ፤ ፎቶዎቹ ተከፍተው እየተሠራባቸውም ቢሆን። ማጥበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም በተግባር አይጠብም፤ ኤክስት4 የሚጠበው ሥራ ቆሞ ክፍሉ ከተነቀለ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለክፍሎቹ ጥቂት ጥቂት ሰጥቶ ቀሪውን በቋቱ ውስጥ ሳይከፋፈል መተው ብልህነት ነው። ኡቡንቱ ሰርቨርም ይህን ያደርጋል፤ በትልቅ ዲስክ ላይ ተለምዷዊውን አጫጫን ተከትሎ ሲጫን ለዋናው ክፍል 100 ጊጋባይት ብቻ ሰጥቶ ሌላውን በቋቱ ይተወዋል። ቴራባይት ገዝቼ የት ገባ ብሎ ሻጩን የሚጠረጥር ሰው ቪጂኤስ ብሎ ቢጠይቅ ቀሪው ተቀምጦ ያገኘዋል።

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ፒቪሙቭን ነው። አሮጌው ዲስክ መንጫጫት ጀምሯል እንበል፤ ወይም ስማርት የተባለው የዲስክ ጤና ማሳያ የተበላሹ ቦታዎች እየበዙ መሆናቸውን ይናገራል። የተለመደው መንገድ ሥራውን አቁሞ ሁሉን ነገር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያም ፕሮግራሞቹን ሁሉ አዲሱን አድራሻ ማስተማር ነው። በኤልቪኤም ግን አዲሱ ዲስክ ቋቱ ውስጥ ይታከላል፤ ከዚያ ፒቪሙቭ ተብሎ የአሮጌው ስም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እጅግ ያማረ ነው። ኮምፒውተሩ በአሮጌው ዲስክ ላይ ያሉትን ቁራጮች በየተራ ወደ አዲሱ ይገለብጣል። በመገልበጥ ላይ ባለው ቁራጭ ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈ በአሮጌውም በአዲሱም ላይ እኩል ይጻፋል። ቅጂው ሲያልቅ መዝገቡ ላይ የቁራጩ አድራሻ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶ ቤቱ ክፍት ነው፤ ደንበኛ ይስተናገዳል፣ ፎቶ ይታተማል።

መብራት ቢጠፋስ? በአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ መጀመሪያ የሚነሣ ነው። ፒቪሙቭ እስካሁን የት እንደደረሰ በመዝገቡ ላይ እያሰፈረ ስለሚሄድ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ካልቀጠለም ያለምንም ተጨማሪ ቃል ፒቪሙቭ ብሎ ማዘዝ ይበቃል። ዩፒኤስ ግን አይቅር፤ የመብራት ድንገት መሄድ ለፋይል ሲስተሙም ለዲስኩም ደግ አይደለም። ዝውውሩ ሲያበቃ ቪጂሪዲውስ አሮጌውን ከቋቱ ያስወጣዋል፣ ፒቪሪሙቭ ምልክቱን ይፍቃል፣ ዲስኩም ይነቀላል። ፎቶዎቹ ያሉበት አድራሻ በፊት እንደነበረው ነው።

አሁን ደግሞ ያለመሸፋፈን የምናገረው ነገር አለ። ኤልቪኤም ባካፕ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ዲስኮችን በአንድ ቋት አድርጎ አንድ ክፍል በሁሉም ላይ መዘርጋት አደጋውን ያበዛዋል፤ ከሦስት ዲስክ አንዱ ሲሞት በሦስቱ ላይ የተዘረጋው ክፍል በሙሉ ይታመማልና። ስናፕሾት የሚባለውም፣ የክፍሉን የዚያን ቅጽበት መልክ የሚይዘው፣ የሚኖረው በዚያው ቋት ውስጥ ነው። ፕሮግራም ከማደስ በፊት ወደኋላ መመለሻ ይሆናል፤ ዲስኩ ሲሞት ግን አብሮ ይሞታል። በጥር 2007 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ጥንታዊው ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ አራዳ ሁሉ አይቷል። እሳት አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ቅጂዎችን አንድ ሁለት ብሎ አይቆጥርም። ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ሰፈር፣ ዘመድ ቤትም ቢሆን፣ መቀመጥ አለበት።

አንዲት ትንሽ ፋይል ደግሞ ለብቻዋ ትቀዳ። ኤልቪኤም የመዝገቡን ቅጂ ኢቲሲ በተባለው ፎልደር ሥር ኤልቪኤም፣ ከእሱም ሥር ባካፕ በሚል ያስቀምጣል፤ በተራ ጽሑፍ ስለሆነ ተከፍቶ ይነበባል። ይህች ፋይል ቋቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከቀረች ኮምፒውተሩ ሲበላሽ እሷም ትሄዳለች። ዲስክ በታከለ ወይም በተነቀለ ቁጥር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። አንድ ቀን መዝገቡ ቢበላሽና ዲስኮቹ ደኅና ሆነው ሳለ ክፍሎቹ ቢጠፉ፣ ቪጂሲኤፍጂሪስቶር የተባለው የማዳኛ ትእዛዝ የሚያነበው እሷን ነው።