የተሽከርካሪ ጥገና ወጪ፦ ከመድን ወይስ ከኪስ?

በቀላል ግጭት የተሽከርካሪ ፓራውልት ሲሰበር፣ ፓራፋንጎ ሲጎብጥ ወይም ፍሬቻ ሲረግፍ ባለንብረቱ በቅድሚያ የሚያነሳው ጥያቄ ወጪውን ማን ይሸፍነዋል የሚል ነው። የመድን ዋስትና ላለው ሰው መልሱ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና ለእያንዳንዱ ጉዳት ካሣ መጠየቅ ሁልጊዜ የሚያዋጣ አይደለም። በሌላ በኩል ጉዳዩን በራስ ገንዘብ ለመዝጋት መቸኮል ከፍ ያለ ኪሣራ የሚያስከትልበት አጋጣሚ አለ። በደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛ ውሳኔው የወራት ገቢን ሊነካ ስለሚችል፣ ከአደጋው በፊት የውሉን ይዘት ማወቅ ተገቢ ይሆናል።

የሽፋኑ ዓይነት

በኢትዮጵያ በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ለመንቀሳቀስ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ይህ ሽፋን የሚያገለግለው ተሽከርካሪው በሌሎች ሰዎች አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራሱ ለተሽከርካሪው አይደለም። ስለሆነም የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ያለው ባለንብረት በራሱ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ምርጫ የለውም፤ የጥገናው ወጪ የራሱ ነው።

የምርጫው ጥያቄ የሚነሳው በተለምዶ "ሙሉ ኢንሹራንስ" የሚባለውን ሽፋን በፈቃዱ ለገዛ ሰው ነው።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ካሣ ለመጠየቅ ወይም ላለመጠየቅ ከመወሰን በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው መድን ገቢው ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ በራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ሲሆን፣ በመድን ሠራተኞች አጠራር "ኤክሰስ" ይባላል። ሁለተኛው በውል ዘመኑ ካሣ ያልጠየቀ ደንበኛ በሚቀጥለው ዓመት አረቦን ላይ የሚያገኘው ቅናሽ ነው። ካሣ ሲጠየቅ ይህ ቅናሽ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። የሁለቱም መጠን በየኩባንያውና በየውሉ ይለያያል።

ለማሳያ ያህል ሙሉ አረቦኑ 24 ሺህ ብር የሆነ ተሽከርካሪ እንውሰድ። ባለንብረቱ የ20 በመቶ ቅናሽ ላይ በመድረሱ የሚከፍለው 19 ሺህ 200 ብር ነው፤ የራሱ ድርሻ ደግሞ 5 ሺህ ብር ነው እንበል። ካሣ ቢጠይቅ በመጀመሪያው ዓመት ቅናሹን በሙሉ ያጣል። በሁለተኛው ዓመት 10 በመቶ ቅናሽ ያገኛል፤ በሦስተኛው ወደ 20 በመቶው ይመለሳል። በዚህ ሂደት የሚያጣው በመጀመሪያው ዓመት 4 ሺህ 800፣ በሁለተኛው 2 ሺህ 400፣ በድምሩ 7 ሺህ 200 ብር ይሆናል። የራሱ ድርሻ ሲታከልበት 12 ሺህ 200 ብር ይመጣል።

በዚህ ምሳሌ 12 ሺህ 200 ብር የውሳኔው መለያ ነጥብ ነው። ጥገናው 9 ሺህ ብር ብቻ ቢፈጅ መድን ሰጪው የሚከፍለው 4 ሺህ ብር ሲሆን፣ ባለንብረቱ በቅናሽ መልክ 7 ሺህ 200 ብር ስለሚያጣ በ3 ሺህ 200 ብር ይጎዳል። ጥገናው 60 ሺህ ብር ከሆነ ግን 55 ሺህ ብር ካሣ ስለሚያገኝ፣ የሚያጣው ቅናሽ ተቀንሶ እንኳ 47 ሺህ 800 ብር ይተርፈዋል። ከገንዘቡ ባሻገር ለጨረታ፣ ለግምትና ለጥገና የሚጠፋው ጊዜ በስሌቱ መግባት ይኖርበታል።

የጉዳቱን መጠን በትክክል ማወቅ

በዓይን የሚታየው ጉዳት ሁልጊዜ ሙሉ ጉዳቱ አይደለም። ከተሰበረ ፓራውልት ጀርባ ራዲያተር ሊቀደድ፣ የመብራት መያዣ ሊሰበር ወይም ሻንሲ ሊጣመም ይችላል። ባትላሜራ ሠራተኛ በግምት በተናገረው ዋጋ ተማምኖ ካሣውን የተወ ሰው፣ ተሽከርካሪው ሲፈታ ሌላ ወጪ ሊጠብቀው ይችላል። በመሆኑም ከአንድ በላይ ጋራዥ የዋጋ ማቅረቢያ መውሰድና የመለዋወጫውን ዋጋ ለብቻው ማጣራት ይመከራል።

ሆኖም መድን ሰጪው ሳያይ ጥገና ማስጀመር የካሣ መብትን አደጋ ላይ ይጥላል። ጉዳቱን በፎቶግራፍ መያዝና ለመድን ሰጪው ምርመራ እንደነበረ ማቆየት ያስፈልጋል።

የጊዜ ገደቦች

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 በከፊል ቢተካም፣ መድንን የሚመለከተው ክፍሉ በሥራ ላይ እንዳለ ቀጥሏል። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 670 መሠረት መድን ገቢው አደጋው መድረሱን ባወቀ በአምስት ቀናት ውስጥ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካላጋጠመው በቀር፣ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። በአንቀጽ 674 ደግሞ ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

እዚህ ላይ አደጋን ማስታወቅና ካሣ መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። ገና ያልወሰነ ባለንብረት አደጋውን በጊዜው በጽሑፍ አስታውቆ፣ የጥገናው ዋጋ ሲታወቅ ጥያቄውን ሊተወው ይችላል። ሳያስታውቅ ቆይቶ በኋላ ልጠይቅ ቢል ግን መብቱ አጠያያቂ ይሆናል። ማስታወቁ ብቻውን ቅናሹን ይነካ እንደሆነ ከኩባንያው አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ሌላ ወገን ሲኖር

በአደጋው ሰው ከተጎዳ ከኪስ ከፍሎ መለያየት አማራጭ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጉዳዩ ለፖሊስና ለመድን ሰጪው መቅረብ አለበት። በአደጋው ቦታ ደህና የመሰለ ሰው ከቀናት በኋላ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ኃላፊነቱን አያስቀርም።

በንብረት ላይ ብቻ ጉዳት ደርሶ ጥፋቱ የሌላው አሽከርካሪ ከሆነ፣ የጥገናው ወጪ ከዚያ ወገን የሦስተኛ ወገን መድን ሊጠየቅ ይችላል። ባለንብረቱ ከራሱ መድን ካሣ ከወሰደ፣ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 መሠረት መድን ሰጪው በከፈለው መጠን በእርሱ ተተክቶ ጥፋተኛውን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በአደጋው ቦታ "ምንም አልጠይቅህም" ብሎ መፈረም ወይም ያለመድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋትን አምኖ ካሣ ቃል መግባት ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

የመድን ገንዘቡ ከዋጋው ሲያንስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የምንዛሪ ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ በመቀነሱ፣ ከውጭ የሚገቡ ተሽከርካሪዎችና መለዋወጫዎች ዋጋ ንሯል። በቀድሞው ዋጋ መድን የገባ ተሽከርካሪ ጉዳት ሲደርስበት፣ በመድን ውሎች በሚሰፍረው የተመጣጣኝነት ደንብ መሠረት ካሣው ሊቀነስ ይችላል።

በገበያ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ተሽከርካሪ በ1 ሚሊዮን ብር ብቻ መድን ተገብቶለት ከሆነ ለ60 ሺህ ብር ጉዳት የሚታሰበው 30 ሺህ ብር ነው፤ ከዚህ ላይ የ5 ሺህ ብሩ የራስ ድርሻ ሲነሳ 25 ሺህ ብር ይቀራል። ቀደም ሲል 12 ሺህ 200 ብር የነበረው መለያ ነጥብም ወደ 24 ሺህ 400 ብር ከፍ ይላል። ውል በሚታደስበት ጊዜ የተሽከርካሪውን ዋጋ ማስከለስ አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመንግሥት ተሽከርካሪ ከሆነ

በመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ከላይ የተገለጸው ምርጫ የአሽከርካሪው ወይም የተጠቃሚው ኃላፊ የግል ውሳኔ አይደለም። አነስተኛ ነው ተብሎ በግል ገንዘብ የተጠገነ ጉዳት ከመዝገብ ስለሚጠፋ፣ የተሽከርካሪውን ትክክለኛ ሁኔታና የአሽከርካሪውን ኃላፊነት ለማወቅ ያስቸግራል። አሽከርካሪው በዕለቱ ለስምሪት ክፍሉ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ስምሪት ክፍሉም የአምስት ቀኑ ገደብ ሳያልፍ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ይጠበቅባቸዋል። ደብዳቤው በቢሮዎች መካከል ሲመላለስ ገደቡ ቢያልፍ የሚጎዳው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

በአጠቃላይ መድን በዋነኛነት የሚያስፈልገው ባለንብረቱ በራሱ አቅም ሊሸከመው ለማይችለው ጉዳት ነው። ትንንሹን ከኪስ መሸፈን፣ ከመለያ ነጥቡ ለሚያልፈው ደግሞ በጊዜውና በሥርዓቱ ካሣ መጠየቅ የሚያዋጣ አካሄድ ነው። ለዚህም በመሳቢያ ተቀምጦ የቆየውን የመድን ውል አውጥቶ፣ የራስ ድርሻውን፣ የቅናሹን መጠንና የተሽከርካሪውን የተመዘገበ ዋጋ ዛሬውኑ መመልከት ያሻል።