ከቀጨኔ ወንዝ እስከ ሳፋሪ ካምፕ
አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል

በኅብረተሰብ ክፍለ ጊዜ መምህራችን «ረግረግ መሃል ድንኳን ውስጥ ለማደር ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ቱሪስቶች አሉ» ሲሉን ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንዱ ጓደኛችን «ቲቸር፣ ቢንቢውስ?» አለ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ።

ቦታው ኦካቫንጎ ይባላል፤ በደቡብ አፍሪካ ክፍል በምትገኘው ቦትስዋና ውስጥ ነው። ወንዙ የሚነሳው ከአንጎላ ደጋ ሲሆን ናሚቢያን አቋርጦ ቦትስዋና ሲደርስ በካላሃሪ አሸዋ ላይ ይበተናል። ባሕር አይገባም! አብዛኛው ይተናል፣ ጥቂቱ ይሰርጋል። አንጎላ ላይ የዘነበው ዝናብ እዚያ ለመድረስ ወራት ስለሚፈጅበት ውሃው የሚሞላው በበጋ፣ አካባቢው ሁሉ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ዝሆኑም ጎሹም አንበሳውም ወደዚያው ይጎርፋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሲመዘግበው 1,000ኛው የዓለም ቅርስ ሆኗል።

ካምፕ ሲባል ድንኳኑ የስካውት ድንኳን እንዳይመስላችሁ። ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ወለል ላይ የተተከለ ሰፊ የሸራ ቤት ነው፤ ውስጡ አልጋ አለው፣ ሙቅ ውሃ ያለው ሻወርም አለው። ብዙዎቹ ካምፖች መንገድ ስለሌላቸው እንግዳውም ምግቡም የሚደርሰው በትንሽ አውሮፕላን ነው። ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅሷችኋል፣ ሻይ ጠጥታችሁ አውሬ ለማየት ትወጣላችሁ። ቀትር ላይ ሲሞቅ እንስሳውም ሰውም ያርፋል። ማታ ደግሞ ከእራት ወደ ድንኳን ብቻችሁን መሄድ ክልክል ነው፤ ጠባቂ ይሸኛችኋል። ለምን መሰላችሁ? ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል። አጥር ስለሌለ በድንኳኑ አጠገብ ቢያልፍ ማን ይከለክለዋል?

በውሃው ላይ የሚሄዱት ሞኮሮ በምትባል ጠባብ ጀልባ ነው፤ ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በረጅም እንጨት ይገፋታል። ድሮ ከግንድ ይፈለፈል ነበር፣ አሁን ግን ትልልቅ ዛፎች እንዳይቆረጡ ብዙዎቹን በፋይበር ግላስ ይሠሯቸዋል። የኛ የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፤ ያው ደንገል ኦካቫንጎም ይበቅላል።

ዋጋውን ልንገራችሁ፣ ግን አትደንግጡ። በውድ ካምፖች አንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። ቦትስዋና ጥቂት እንግዳ መጥቶ ብዙ እንዲከፍል፣ ቦታውም እንዳይጨናነቅ ብላ አስባበት ነው። (እኔ በዚህ ዋጋ ጉማሬውን በሥዕል ባየው ይሻለኛል።)

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ባሕር የማይገባ ወንዝ እኛም ጋ አለ፤ አዋሽ። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አፋር ውስጥ፣ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። መንገዱ ላይ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ዳርቻ ተከትሎ ያልፋል። ፓርኩ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ሳላ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮ አለበት፤ ከፏፏቴው በታች አዞ ፀሐይ ይሞቃል። እዚያው ፏፏቴው አጠገብ ሎጅ አለ። እንደ ኦካቫንጎ በአውሮፕላን አይኬድበትም፤ በመኪና በአንድ ቀን ይደረሳል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው የሰፈራችን ወንዝ፣ ቀጨኔ፣ አቃቂን ይቀላቀላል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል አድርጎ አዋሽ ይገባል። ስለዚህ አዞው የሚዋኝበት፣ የአፋር ግመል የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የእኛም አለበት ማለት ነው። ኦካቫንጎን አንጎላ እንደሚያጠጣው አዋሽን ከሚያጠጡት አንዱ እኛ ነን። የምንልከውን ደግሞ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማየት ነው፤ የላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የቤት ጥራጊ፣ አንዳንዴ ስሙን የማልጽፈው ነገር።

ባለፈው ክረምት የታናሽ ወንድሜ ነጠላ ጫማ ከዚያ ድልድይ ላይ ወደቀች። እናታችን ተቆጣች፣ እሱም አለቀሰ። ይህን ጽሑፍ ሳነብለት አለቃቀሱን ረስቶ «አዞው ለብሷት ይሆን?» አለኝ። ምናልባት አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ቀርታ ይሆናል፤ እሱን ካለፈች ደግሞ ቆቃ ግድብ አለ። ይህን ብነግረውም ሌላኛዋን እግር እስካሁን አልጣላትም።