የሳንባ ሐኪም ፍለጋ፦ ከቡቲዬ ተነስቶ እስከ የት?

ሰሞኑን ከየቤቱ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «የመንግሥቱን የጤና መድን የሚቀበል የሳንባ ሐኪም የት ይገኛል?»

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆኑን እዚህ ቡቲዬ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። በማርች 2018 ብዙ ሺህ ሰው ከማዶ ሞያሌ ሸሽቶ ወደ ኬንያ ሲሻገር አብረው የመጡ ናቸው። አብዛኛው ሰው ሲመለስ እሳቸው ቀሩ። በእንጨት ጭስ እንጀራ እየጋገሩ ልጆች አሳደጉ። አሁን ግን ሳል ከያዛቸው ሦስት ወር አልፏል፤ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ያድራሉ። ልጃቸው ተበድሮ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳቸው። እዚያም «መድኑ እዚህ አይሠራም፣ በጥሬው ክፈሉ» ተባሉ። ብድሩ ለምርመራው አለቀና መድኃኒቱ ሳይገዛ ወደ ቤት ተመለሱ።

«መምህር፣ እናንተ ወረቀት ታነባላችሁ። የማይሠራ ከሆነ ታዲያ ለምን ተመዝገቡ አላችሁን?» አሉን። እኛም የምንመልሰው አጣን። ከዚያ ወዲህ ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መድኑን የሚቀበለው ማነው?

ትልቁ ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። መድኑ ውል የሚገባው ከሆስፒታል ጋር እንጂ ከአንድ ሐኪም ጋር አይደለም። ያው ሐኪም ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል በመድኑ ሊያያችሁ፣ ማታ በግል ክሊኒኩ ግን በጥሬ ገንዘብ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ስለዚህ «የትኛው ሐኪም ይቀበላል?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ሆስፒታል ውል አለው? ምርመራውንስ መድኑ ይሸፍናል?» ብሎ ከመመርመር በፊት መጠየቅ ነው።

ከ1966 ጀምሮ የነበረው ኤን ኤች አይ ኤፍ ቀርቶ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በቦታው ያለው ኤስ ኤች ኤ ነው። የድሮው ካርድ ያላችሁ እንደገና መመዝገብ አለባችሁ። ስደተኛ የሚመዘገበው በስደተኛ መታወቂያው ነው። መታወቂያው ገና ያልወጣለት ሰው አስቀድሞ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮን ይጠይቅ።

ክፍያውስ? በጤና ጣቢያ ደረጃ ያለው ሕክምና ለተመዘገበ ሰው በነፃ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ሆስፒታል ግን መዋጮ ይጠየቃል። ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በገቢው ተገምቶ ይከፍላል፤ ትንሹ በወር 300 ሽልንግ ሆኖ የዓመቱ 3,600 በአንድ ላይ ነው የሚከፈለው። ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ነገር ግን በሽታው ከመጣ በኋላ መሯሯጥ ከዚህም ይብሳል።

መንገዱ ከታች ይጀምራል

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በተለይ ላብና ክሳት ካለበት፣ የመጀመሪያው ሥራ ስፔሻሊስት መፈለግ አይደለም፤ አክታን ማስመርመር ነው። የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በኬንያ የመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ይድናል።

ቲቢ ካልሆነ አስም፣ ወይም በጭስና በትምባሆ የተጎዳ ሳንባ፣ አለዚያም የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህን መጀመሪያ የሚያየው የሞያሌ ሆስፒታል ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሪፈር ወረቀት ጽፎ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ማርሳቢት ይልካል። የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስቶች በአገሩ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ናይሮቢ ነው ያሉት። በመንግሥት በኩል ከመጨረሻዎቹ ደረጃ ሆስፒታሎች መካከል ናይሮቢ ያለው ኬንያታና ኤልዶሬት ያለው ሞይ ይገኙበታል። ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ ደግሞ የምትጀምሩት ከካምፑ ክሊኒክ ነው፤ ሪፈሩን የሚጽፈው እሱ ነው።

ያለ ሪፈር ወረቀት ናይሮቢ መውረድ የትራንስፖርት ገንዘብ ማባከን ነው። ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ መሄድ ደግሞ መንገድ ላይ ያስይዛል። የሪፈር ወረቀቱን ይዛችሁ ከስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ፈቃዱን ጠይቁ። ራጁን፣ የአክታውን ውጤትና የምትወስዱትን መድኃኒት አትርሱ፤ ካልያዛችሁ ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ማዶ ተሻግረን ብንታከምስ?

ይህንን የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ከ2013 ጀምሮ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስቶችን እያሠለጠነ ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ብዙ ወገን ጠቅሟል። ነገር ግን ያ መድን በቀበሌው ለተመዘገበ ነዋሪ ነው። ከሁሉም በላይ ስደተኛ ወደሸሸበት አገር ሲመለስ የስደተኝነት ከለላው ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከመሻገራችሁ በፊት ምክር ጠይቁ።

ጊዜ የማይሰጥ ሕመም

ከንፈሩ የጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደም የሚተፋ ሰው ካለ ወረቀት አትፈልጉ። በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና አይከለከልም ይላል። «ማንም ሰው» ነው የሚለው፤ ዜጋ ብቻ አይልም።

እኚያ እናትስ? የአክታቸው ውጤት ቲቢ የለም አለ። ሐኪሙ ሳንባዎትን የጎዳው ጭስ ነው ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒትና ለማርሳቢት የሪፈር ወረቀት ሰጣቸው። የዓመቱን መዋጮ ጎረቤት አዋጥቶ ከፍሎላቸዋል። አሁን ፈቃዱን እየጠበቁ ነው። ምጣዳቸውም ከቤት ወጥቶ ደጅ ዳስ ሥር ተተክሏል። እስካሁን ግን ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። ሳላችሁን አትደብቁ፤ ምዝገባውንም ለነገ አትበሉ። ቸር ያሰማን።