ቅጠል የሚመስለው የበለስ ግንድ

ክረምት ሲገባ በልደታም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ መንገዶች ዳር እየተላጠ የሚሸጠው በለስ፣ ብዙዎች ቁልቋል በሚሉት ተክል ላይ የሚያፈራ ነው። ይሁንና ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው አገር በቀሉ ቁልቋል የበለስ የቅርብ ዘመድ አይደለም። በለስ ከሜክሲኮ የተገኘ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ሞላላውና ጠፍጣፋው አረንጓዴ አካሉ ቅጠል ይመስላል እንጂ ግንድ ነው። እውነተኞቹ ቅጠሎች ጥቃቅን ናቸው፤ ቶሎም ይረግፋሉ። ስለዚህ ምግብ የሚያዘጋጀው ግንዱ ነው፤ ውኃንም በዝልግልግ ፈሳሽ ያከማቻል። የትንፋሽ ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው የሚከፈቱት ሌሊት ነው፤ ቀን ቢከፈቱ ፀሐይ ያጠራቀመውን ውኃ ባተነነችበት ነበር። እጅን ይበልጥ የሚያስቸግረውም ትልቁ እሾህ ሳይሆን፣ በቀላሉ የማይታየው እንደ ፀጉር የቀጠነው ነው።

በትግራይ ፍሬው እህል በሚያጥርበት ክረምት ለሰው ምግብ፣ ግንዱ ለከብት መኖ ነው። ድርቅን የቻለው ይህ ተክል ግን ኮቺኒል የተባለውን ተባይ አልቻለም። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ለቀይ ቀለሙ ሲባል ወደ ደቡብ ትግራይ የገባው ተባይ ግንዱን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ጥጥ መሰል ነጭ ሰም ስለሚሸፍነው መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም፤ አዲስ የተፈለፈሉትንም ነፋስ ከተክል ወደ ተክል ያደርሳቸዋል።