የማርሽ መርገጫውን በእግራችሁ ልክ አስተካክሉት

ከአራት ኪሎ ተነሥታችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወጡ መካከሉ ላይ አምስት ኪሎን ታገኛላችሁ። መንገዱ ዳገት ነው። ከስድስት ኪሎ አልፎ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ ሲቀጥል ዳገቱ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ዳገት መኪናም ሆነ ሞተር ብስክሌት ያለ ማርሽ አይወጣውም። ሞተር ብስክሌት የምንለው ያው ዶቅዶቄ የሚባለውን ነው።

በአምስት ኪሎ ሁለት ትልልቅ የዕውቀት ቤቶች አሉ። አንደኛው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለ ቦታ የተገኘችው ድንቅነሽ የምትታወቀው በዚያ ነው። ድንቅነሽ የኖረችው ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። ሁለተኛው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ነው። መሐንዲሶች ስለ ማሽን የሚማሩት በዚያ ነው።

አንዱ ቤት የሰውን እግር ያስታውሰናል። ሌላው ማሽንን ያስታውሰናል። የዛሬው ትምህርታችን እግርና ማሽን ስለሚገናኙበት አንድ ትንሽ ብረት ነው። ይህ ብረት የሞተር ብስክሌት የማርሽ መርገጫ ይባላል።

ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል?

እንዲህ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይኸው። የግብርና ሠራተኛው ወደ ቀበሌያችሁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው። የከብት ክትባትም፣ የሕፃናት ክትባትም፣ መልእክትም በእርሱ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ በየገጠሩ ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ገበሬና ማኅበር አለ። ዕቃው የእናንተ ከሆነ ጠባዩን ማወቅ ያለባችሁ እናንተው ናችሁ።

ፈረስ የሚጋልብ ሰው እርካቡን በእግሩ ልክ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። አባት በጋለበበት ኮርቻ ላይ ልጅ ሲቀመጥ እርካቡ ይለወጣል። የሚያርስ ሰውም እንዲሁ ነው። ማረሻው በጣም ጠልቆ በሬዎቹን ካስቸገረ ቆም ብሎ ያስተካክለዋል። «ሲሠራ እንዲህ ነው የተሠራው» ብሎ አይተወውም።

ሞተር ብስክሌት ላይ ሲሆን ግን ብዙው ሰው ይፈራል። ፋብሪካ ያደረገውን መንካት ነውር ይመስለዋል። ፋብሪካው የማንንም እግር ለክቶ አልሠራውም። መርገጫውን ለመካከለኛ እግር አድርጎ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እንዲያስተካክለው መንገድ ሰጥቶታል። መንገዱን አለማወቅ ነው ችግሩ።

ማርሽ ምን ይሠራል?

ማርሽ የሞተሩን ጉልበት እንደ መንገዱ ይመጥናል። አንደኛ ማርሽ ኃይል አለው፤ ፍጥነት የለውም። ለዳገትና ለመነሻ ይሆናል። ከፍ ያለው ማርሽ ፍጥነት አለው፤ ኃይሉ ግን ያንሳል። ለሜዳ ይሆናል። ከማርሽ ውጭ ያለው ባዶ ቦታ ፎሌ ይባላል። በፎሌ ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማውን አያዞርም።

ፎሌ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ከአምስት ኪሎ የማይርቀው ፒያሳም ስሙን ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው። ትርጉሙ አደባባይ ማለት ነው። ብሎንና ካቻቪቴም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በጋራዥ እንግዳ ቃል ብትሰሙ አትደንግጡ። ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት።

የማርሽ መርገጫው በግራ እግር በኩል ይገኛል። ለገጠር መንገድ በተሠሩት በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። መርገጫውን ወደ ታች ስትረግጡት አንደኛ ማርሽ ይገባል። ከዚያ በእግር ጣት ወደ ላይ ስታነሡት ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያለ ይሄዳል። ፎሌ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ግን ቅደም ተከተሉ የተለየ ነው። የማታውቁትን ሞተር ከመንዳታችሁ በፊት ጠይቁ።

የማርሽ ጥቅም በዳገት ብቻ አይደለም። በቁልቁለት ይበልጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ የዓባይን በረሃ ታቋርጣላችሁ። መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልና መያዝ ይሳነዋል። ዐዋቂ ነጂ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያደርጋል። ማርሹን ዝቅ ለማድረግ ደግሞ እግሩ መርገጫውን ሳይፈልግ ማግኘት አለበት። እግሩ መርገጫውን ከሳተው ወይም ማርሹ ፎሌ ላይ ከቀረ ሞተሩ አይይዝም። ጭነት ካለ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። እንግዲህ ያ ትንሽ ብረት ሕይወትን ይመለከታል ማለት ነው።

መርገጫው ልክ አለመሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

መርገጫው በጣም ከፍ ካለ ወደ ታች ለመርገጥ እግራችሁን ከማሳረፊያው ላይ ማንሣት ግድ ይሆንባችኋል። በኮረኮንች ላይ እግር ከማሳረፊያው ሲነሣ ሚዛን ይጠፋል። መንገዱ ሲያናጋችሁም ሳታስቡት ትረግጡትና ማርሹ ይወርዳል።

መርገጫው በጣም ዝቅ ካለ ጣታችሁን ከሥሩ ለማስገባት ቁርጭምጭሚታችሁን ማጣመም ይኖርባችኋል። ማታ ቁርጭምጭሚት የሚያማችሁ በዚህ ሊሆን ይችላል። ዝቅ ያለ መርገጫ ከድንጋይና ከጉድጓድ አፋፍም ይጋጫል። ከተጋጨም ይጣመማል።

ጫማም ለውጥ ያመጣል። በቀጭን ጫማ የሚነዳ ሰውና በወፍራም ቡትስ የሚነዳ ሰው አንድ ዓይነት ክፍተት አይበቃቸውም። ቡትስ የሚያደርግ ሰው ከመርገጫው ሥር ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ መርገጫው ትንሽ ከፍ ይልለታል። የምታስተካክሉት ሁልጊዜ የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ነው። በባዶ እግርም ሆነ በክፍት ጫማ መንዳት ግን ለእግር አደገኛ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። ለብሎኑ የሚሆን መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ብሩሽ፣ ጨርቅና ጥቂት ቀለም ይበቃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ብሎኑ በ10 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። መፍቻው ልክ ይሁን። የሰፋ መፍቻ የብሎኑን ራስ ያሟልጨዋል።

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፉና ቁልፉን ንቀሉ። እስኪበርድ ጠብቁ። በደልዳላ ቦታ እንዳይወድቅ አድርጋችሁ አቁሙት።

ሁለተኛ፣ መርገጫው አሁን ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። አንድ መስመር በመርገጫው ላይ፣ አንድ መስመር በዘንጉ ጫፍ ላይ አስምሩ። መስመሮቹ ይግጠሙ። አዲሱ ቦታ ካልተስማማችሁ ወደ ድሮው የምትመለሱት በዚህ ምልክት ነው።

ሦስተኛ፣ ብሎኑን ፈትታችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ማላላት ብቻ አይበቃም። በብዙ ሞተሮች ላይ ብሎኑ የሚያልፈው በዘንጉ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብሎኑ ሳይወጣ መርገጫው አይነቀልም። ብሎኑ ሳይወጣ በኃይል የጎተተ ሰው ዕቃ ያበላሻል።

አራተኛ፣ መርገጫውን ወደ ውጭ ሳቡት። እምቢ ካለ መርገጫው ዘንጉን በሚያቅፍበት በኩል ያለውን ስንጥቅ በካቻቪቴ በጥቂቱ ከፈት አድርጉት። በመዶሻ አትምቱ። የምትመቱት መርገጫ ቢሆንም ምቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል።

አምስተኛ፣ ዘንጉን ተመልከቱ። ዙሪያውን እንደ ማጭድ ጥርስ ያሉ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። በመርገጫው ቀዳዳ ውስጥም የሚገጥሙት ጥርሶች አሉ። ሁለቱንም በብሩሽ አጽዱ። ጭቃ ካለ ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ አይገናኙም።

ስድስተኛ፣ መርገጫውን አንድ ጥርስ ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አዙራችሁ መልሱት። አንድ ጥርስ ትንሽ ይመስላል። መርገጫው ረጅም ስለሆነ ግን ጫፉ 2 ሳንቲም ሜትር ያህል ሊነሣ ወይም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አትቸኩሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ሰባተኛ፣ ብሎኑን ሳታጠብቁ በሞተሩ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ይደግፍላችሁ። እግራችሁን በማሳረፊያው ላይ አድርጉ። ለመነሻ ያህል የመርገጫው ጫፍ ከእግር ማሳረፊያው ላይኛ ፊት ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን። ጣታችሁ ሳይጨናነቅ ከሥሩ መግባት አለበት። ተረከዛችሁም ሳይነሣ ወደ ታች መርገጥ አለባችሁ። ከዚያ ቆማችሁ ሞክሩ። በመጥፎ መንገድ ላይ ነጂ ቆሞ ስለሚነዳ የእግሩ አቀማመጥ ይለወጣል። ተቀምጦ የተስማማው ቆሞ ላይስማማ ይችላል። ሁለቱን የሚያስታርቀውን ቦታ ምረጡ።

ስምንተኛ፣ ብሎኑን መልሳችሁ አጥብቁ። ምን ያህል ይጥበቅ? መፍቻችሁ 10 ሳንቲም ሜትር ርዝመት ካለው በጫፉ ላይ የ10 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ይበቃዋል። ረጅም ቧንቧ ቀጥላችሁ አትጠምዝዙት። መፍቻ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይበዛል፤ ትንሹም ብሎን ይበጠሳል።

ዘጠነኛ፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ አስደግፉ። ሞተሩ እንደጠፋ ይሁን። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ መርገጫውን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩ። ማርሾቹ ሁሉ መግባት አለባቸው። መርገጫው የሞተሩን ሆድም ሆነ የእግር ማሳረፊያውን መንካት የለበትም።

ዐሥረኛ፣ የራስ መከላከያ ቆብ አድርጋችሁ በሜዳ ላይ በዝግታ ንዱ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ እየለወጣችሁ ተለማመዱ። እግራችሁ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ወደ ቁልቁለት አትሂዱ። ከአንድ ቀን መንዳት በኋላ ብሎኑን እንደገና ፈትሹ።

በአንዳንድ ሞተሮች ላይ መርገጫው ከዘንጉ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ብረት ነው። በሁለቱም የብረቱ ጫፍ ዳዶ አለ። እንዲህ ከሆነ ዳዶዎቹን አላልታችሁ ብረቱን በማዞር ታስተካክላላችሁ። ከዳዶዎቹ አንዱ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አልፈታም ካለ በኃይል አትግጠሙት፤ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሞክሩት።

እነዚህን አታድርጉ

የላላ ብሎን ይዛችሁ አትንዱ። መርገጫው እየተወዛወዘ ጥርሶቹን ይበላቸዋል። ጥርሱ ካለቀ መርገጫው በዘንጉ ላይ ይዞራል እንጂ ማርሽ አይለውጥም። መርገጫው ርካሽ ነው፤ ይለወጣል። ዘንጉ ግን የሚለወጠው ሞተሩ ተከፍቶ ነው። ይህም ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። አንድ ብሎን ባለማጥበቅ የእህል ዋጋ በጋራዥ ይቀራል።

መርገጫውን ከዘንጉ ጋር አታስበይዱ። የብየዳው ሙቀት ዘይት የሚይዘውን ጎማ ያቃጥለዋል። ዘይቱም ይፈስሳል። በኋላም ሞተሩን ለመክፈት ሲፈለግ መርገጫው አይነቀልም።

የተጣመመ መርገጫ ካለ ሳትነቅሉ አታቅኑት። ነቅላችሁ አቅኑት። አለዚያ መርገጫው ሲቀና ዘንጉ ይጣመማል።

የማኅበር ሞተር ከሆነስ?

አንዱን ሞተር ሦስት ሰዎች ቢነዱት እግራቸው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ባስተካከለው ሌላው ይቸገራል። ሁሉም እየመጣ ቢፈታው ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ተሰብስባችሁ ተመካከሩ። ብዙውን ጊዜ ለሚነዳው ሰው እንዲስማማ አድርጉ። የተስማማችሁበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። በደብተርም ማን፣ መቼ እንዳስተካከለው ጻፉ። አዲስ ነጂ ሲመጣ ወደ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት በሜዳ ይለማመድ። የማኅበር ዕቃ የሁሉም ነው ማለት ማንም አይጠብቀውም ማለት አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ በሞተር ብስክሌት መንቀሳቀስ ተከልክሏል። ስለዚህ ሞተራችሁን ይዛችሁ ወደ ከተማ ከመግባታችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ። አምስት ኪሎን ለማየት በአውቶቡስ መምጣትም ይቻላል።

በመጡ ጊዜ ድንቅነሽን ተመልከቱ። ሰው በሁለት እግሩ መሄድ ከጀመረ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ማሽን ግን ትናንት የመጣ ነው። ስለዚህ እግር ለማሽን አይጣመም፤ ማሽን ለእግር ይስተካከል። ሞፈርና ቀንበርን በበሬው ልክ የሚያበጅ ገበሬ ይህን አያጣውም።

ያነበባችሁትን ለማስታወስ እነዚህን ጥያቄዎች በቡድን ተወያዩባቸው፦

1. ፎሌ ምን ማለት ነው? በቁልቁለት ላይ ለምን አደገኛ ይሆናል?
2. መርገጫውን ከመንቀላችሁ በፊት በቀለም ምልክት የምታደርጉት ለምንድን ነው?
3. ተቀምጦ ብቻ ሳይሆን ቆሞም መሞከር ለምን ያስፈልጋል?
4. የላላ ብሎን ምን ጉዳት ያስከትላል?
5. በቀበሌያችሁ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ካለ መርገጫው በእግሩ ልክ ነው? ጠይቁትና አብራችሁ ተመልከቱ።